«ጨጓራ ነው» ብለን የፈረድንበት ልብ

ታላቅ እህቴ በዐቢይ ጾም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስልክ ደወለችልኝ፡፡ የደወለችው ስለ ሕመሟ ልትነግረኝ ሳይሆን ለእሑድ ስለታሰበ የቤተሰብ ጉዳይ ነበር፡፡ በጨዋታችን መሐል ግን «ሰሞኑን ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት መሄድ እንኳ ያደክመኛል፣ ሌሊትም እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» አለችኝ፡፡ «ጾሙ ነዋ፣ እታለም! በዚህ ዕድሜሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድሽን እየዋልሽ እንዴት አይድከምሽ?» አልኳት፡፡ ተሳስቀን ስልኩን ዘጋን፡፡

ከአራት ቀን በኋላ ከትከሻዋ መሐል ተነስቶ ወደ አንገቷና ወደ መንጋጋዋ የሚወጣ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ቀዝቃዛ ላብ ያዛት፡፡ ጎረቤት ተሰበሰበ፡፡ አንዷ ተልባ በጠበጠች፤ ሌላዋ «ብርድ መቷት ነው» ብላ ጀርባዋን አሸች፡፡ ሰፈር ውስጥ ካለ ክሊኒክ ተወስዳ «የጨጓራ ባክቴሪያ ነው» ተባለና ኪኒን ተሰጥቷት ተመለሰች፡፡ የልብ ምርመራ ያዘዘላት አልነበረም፡፡ በማግስቱ መተንፈስ ሲያቅታት ሆስፒታል ደረሰች፡፡ እዚያ ኢሲጂ ሲነሳ ነገሩ ታወቀ፤ ሃርት አታክ ነበር፤ ያውም ከጀመረ አንድ ቀን ያለፈው፡፡

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህቴ ዛሬም በሕይወት አለች፡፡ ነገር ግን ከልቧ ጡንቻ የሞተው ክፍል አልተመለሰም፤ አንድ ፎቅ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ታርፋለች፡፡ እኔም ሙያዬ ሕግ ሆኖ፣ ዕድሜዬን ሙሉ «ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነው» ስል ኖሬ፣ የገዛ እህቴን ቃል በቅጡ ሳልሰማ መፍረዴ እስካሁን ይቆጨኛል፡፡ ሐኪም አይደለሁም፡፡ ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ለአንባቢያን ላካፍል ብዬ ነው ብዕሬን ያነሳሁት፡፡

ከትርጓሜ እንጀምር

በአገራችን «የልብ ሕመም» ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በሕፃንነቱ በቶንሲል ሲመላለስ ኖሮ የልቡ በር የተበላሸበት ልጅ ነው፡፡ ዶ/ር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት ከመሠረቱ ወዲህ ገንዘብ ስናዋጣለት የኖርነው ችግር አንዱ ይኸው ነው፡፡ «የልብ ድካም» የምንለው ደግሞ ልብ ደም የመርጨት አቅሙ ሲዳከም የሚመጣ ሌላ ጉዳይ ነው፡፡

ሃርት አታክ ከሁለቱም ይለያል፡፡ ልብ ራሱ ደም የሚያገኘው ኮሮናሪ በሚባሉ ደም ስሮች ነው፡፡ በእነዚህ ደም ስሮች ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመው ስብ ሲሰነጠቅ ወይም ሲላጥ ደም እዚያው ላይ ይረጋል፤ መንገዱ ይዘጋል፡፡ ኦክስጅን ያጣው የልብ ጡንቻ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መሞት ይጀምራል፡፡ ሰዓታት በጨመሩ ቁጥር የሚሞተው ይበዛል፡፡ የሞተ የልብ ጡንቻ ደግሞ ተመልሶ አይተካም፤ ቦታውን ጠባሳ ይይዘዋል፡፡

የወንድ በሽታ ያደረገው ማን ነው?

ሃርት አታክ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሥዕል ከፊልም የተቀዳ ነው፡፡ ቦርጫም ሰውዬ ስብሰባ ላይ ቆሞ ሲናገር ድንገት ደረቱን ጨብጦ ይወድቃል፡፡ ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በልብና በደም ስር በሽታዎች 17.9 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፡፡ ይህም በዓለም ላይ ከደረሰው ሞት 32 በመቶው ነው፡፡ በዓለም ደረጃ ብዙ ሴቶችን በመግደል አንደኛውን ቦታ የያዘውም ይኸው የበሽታ ጎራ ነው፡፡

የሕክምናው ዓለም ራሱ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶበታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ የልብ ማኅበር በኦሪገን ግዛት ስለ ልብ በሽታ የሴቶች ጉባኤ ሲያዘጋጅ ርዕሰ ጉዳዩ ሴቶች የባሎቻቸውን ልብ እንዴት እንደሚንከባከቡ ነበር፤ ስለ ራሳቸው ልብ አልነበረም፡፡ በ1991 የልብ ሐኪሟ በርናዲን ሂሊ በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ «የንትል ሲንድረም» ጻፉ፡፡ የንትል በአይዛክ ባሼቪስ ሲንገር ድርሰት ውስጥ የሃይማኖት ትምህርት ለመማር ስትል እንደ ወንድ የለበሰች ልጃገረድ ናት፡፡ የሂሊ ክርክር ግልጽ ነበር፤ ሴት የልብ በሽተኛ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት ሕመሟ የወንድ ሕመም መምሰል አለበት ማለት ነው፡፡

በሕግ ትምህርት ቤት «አማካይ ሰው» የሚባል መለኪያ አስተምረውናል፡፡ የአንድን ሰው ጥፋት የምንመዝነው «አማካይ ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» ብለን ነው፡፡ ይህ ሰው ሁልጊዜ ወንድ የሆነበትን ምክንያት ሴት የክፍል ጓደኞቻችን ሲጠይቁ እንስቅ ነበር፡፡ ለካ ሕክምናም የራሱ አማካይ በሽተኛ ኖሮታል፤ እሱም ወንድ ነው፡፡

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ ከሃርት አታክ የተረፉ 515 ሴቶች ተጠይቀው ነበር፡፡ ከእነዚህ ውስጥ 95 በመቶው ሕመሙ ከመድረሱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ያልለመዱት ምልክት ታይቷቸዋል፡፡ 71 በመቶ ያህሉ ያልተለመደ ድካም፣ 48 በመቶ ያህሉ የእንቅልፍ መዛባት፣ 42 በመቶው ደግሞ የትንፋሽ ማጠር ነበረባቸው፡፡ ሕመሙ በደረሰበት ሰዓት 43 በመቶዎቹ ደረታቸውን ፈጽሞ አላመማቸውም፡፡ ይህን ሳነብ «ጾሙ ነዋ!» ያልኩት ትዝ አለኝ፡፡

በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ የሃርት አታክ ሕመምተኞችን መዝገብ መርምሯል፡፡ ያለ ደረት ሕመም ሆስፒታል የደረሱት ከሴቶቹ 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ ወደ 31 በመቶ ያህል ነበሩ፡፡ ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት ከሴቶቹ 14.6 በመቶ፣ ከወንዶቹ 10.3 በመቶ ናቸው፡፡ ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በወጣት ሴቶች ላይ መሆኑ ደግሞ «ገና ልጅ ናት» የሚለውን መጽናኛችንን ያፈርሰዋል፡፡

ሆኖም አንዱን ስህተት በሌላ ስህተት አንተካ፡፡ የደረት ሕመም በሴቶችም ላይ የተለመደ ዋና ምልክት ነው፡፡ ብዙ ሴቶች ግን «አመመኝ» አይሉም፤ «ከበደኝ»፣ «ተጫነኝ»፣ «ጨመደደኝ»፣ «አቃጠለኝ» ይላሉ፡፡ ሰሚው ደግሞ «አቃጠለኝ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ወዲያው ወደ ጨጓራ ይሄዳል፡፡

ልብ ታሞ መንጋጋ ለምን ያማል?

ከልብ የሚነሱ የስሜት ነርቮች ወደ አከርካሪ የሚገቡት ከክንድ፣ ከአንገትና ከጀርባ ከሚመጡት ጋር ተቀላቅለው ነው፡፡ አእምሮ የመልእክቱን ላኪ ይስታል፡፡ የልብ የታችኛው ክፍል ሲጎዳ ደግሞ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተላል፤ ሕመሙም ጨጓራን መስሎ ቁጭ ይላል፡፡ በሴቶች ላይ ከትልልቆቹ ደም ስሮች ይልቅ ጥቃቅኖቹ የሚታመሙበት አጋጣሚ በርከት ይላል፡፡ በተለይ በወጣት ሴቶች፣ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ባለው ጊዜ ጭምር፣ የደም ስር ግድግዳ በራሱ ተሰንጥቆ ሃርት አታክ ሊያመጣ ይችላል፡፡

ለቅሶ ቤት ላይም ልንጠነቀቅ ይገባል፡፡ ጃፓናውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 «ታኮትሱቦ» ብለው የሰየሙት ሕመም አለ፡፡ ከብርቱ ሐዘን ወይም ድንጋጤ በኋላ የልብ ጡንቻ በድንገት ይዳከማል፤ አብዛኞቹ ሕመምተኞች ከማረጥ በኋላ ያሉ ሴቶች ናቸው፡፡ ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ፡፡ ነገር ግን ያለ ምርመራ ከሃርት አታክ መለየት አይቻልም፡፡ ስለዚህ ደረቷን ጨምድዶ ትንፋሽ ያሳጣትን ሐዘንተኛ «ሐዘኑ ነው፣ ውኃ ስጧት» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው፡፡

ልንጠራጠርባቸው የሚገቡ ምልክቶች

- በደረት መሐል የመጫን፣ የመጨምደድ ወይም የማቃጠል ስሜት፤ ሄድ መለስ ቢልም
- በመንጋጋ፣ በአንገት፣ በትከሻ፣ በአንድ ወይም በሁለቱም ክንዶች፣ በላይኛው ጀርባ ወይም ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም
- ያለ ሥራ የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር
- ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ራስ ማዞር
- ከዚህ በፊት ታውቆ የማያውቅ፣ በእረፍት የማይለቅ ድካም

ጨጓራም እነዚህን አንዳንዶቹን ያመጣል፡፡ የሚያስጠረጥረው ምልክቱ አዲስ ሲሆን፣ ሁለትና ሦስት ሆኖ አብሮ ሲመጣ፣ በእንቅስቃሴ ሲብስና በእረፍት ሲቀል ነው፡፡ የጨጓራ ማስታገሻ ወስዳ ቀለል ቢላት እንኳ ልቧ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፡፡

የበለጠ መጠራጠር ያለብን ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም ከፍተኛ ኮሌስትሮል ባለባት፣ በምታጨስና የቅርብ ዘመዷ በወጣትነቱ በልብ በታመመባት ሴት ላይ ነው፡፡ ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሕመሙን ሊሸፍነው ይችላል፡፡ የሴቶች ብቻ የሆኑም አሉ፤ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ወይም ስኳር የነበረባት፣ እንዲሁም ያለ ዕድሜዋ ያረጠች ሴት ተጋላጭነቷ ይጨምራል፡፡ ከሃያ ዓመት በፊት በወሊድ ጊዜ ግፊት የነበረባት እናት ይህን ለሐኪሟ መንገር አለባት፤ ብዙዎቹ ግን አብሮ ያለፈ ነገር ይመስላቸዋል፡፡ በማገዶና በከሰል ጭስ ውስጥ ሲያበስሉ መኖርም ለልብ ጠንቅ ነው፡፡

ምን እናድርግ?

ምልክቶቹ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆዩ ተልባ መበጥበጡን ትተን ወደ ሆስፒታል መንቀሳቀስ ነው፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራል፡፡ አምቡላንስ ከዘገየ ሌላ ሰው ይንዳላት፤ ራሷ መሪ መያዝ የለባትም፡፡ አስፒሪን የማይስማማት ወይም የሚደማ የጨጓራ ቁስል ያለባት ካልሆነች 300 ሚሊ ግራም አስፒሪን አኝካ ትዋጥ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመና ከ17 ሺሕ በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ይህ ርካሽ ኪኒን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚደርሰውን ሞት በ23 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል፡፡ የተዘጋውን ደም ስር የሚከፍተው ሕክምናም በይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ በተለምዶም በ12 ሰዓት ውስጥ ሲደርሱ ነው፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው፡፡

የሚወሰዱት ኢሲጂ ወዳለበት ቦታ ይሁን፡፡ እዚያ ሲደርሱ «ጨጓራዬን» ብሎ መጀመር አያስፈልግም፡፡ «ልቤ ይሆን ብዬ ሰግቻለሁ፤ ኢሲጂ ይነሳልኝ» ማለት ይበቃል፡፡ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ኢሲጂ በደረሱ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሳ ያዛሉ፡፡ አንድ ጊዜ የተነሳ ኢሲጂ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን ነጻ አያወጣም፡፡ ሕመሙ ካልተወ ይደገማል፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረው ትሮፖኒንም በሰዓታት ልዩነት ይለካል፡፡ ይህን መጠየቅ ሐኪም መድፈር አይደለም፡፡

በሕግ «ግምት» የሚባል ነገር አለ፡፡ ተቃራኒ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ አንድ ነገር እውነት ነው ተብሎ ይያዛል፡፡ እስከ ዛሬ ለሴቶች ሕመም የያዝነው ግምት ጨጓራ፣ ብርድና ጭንቀት ነው፡፡ ልቧ መሆኑን የማስረዳት ሸክሙንም በታማሚዋ ላይ ጥለነዋል፤ ያውም ትንፋሽ አጥሯት ባለችበት ሰዓት፡፡ ግምቱ መገልበጥ አለበት፡፡ ልብ አለመሆኑ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ ልብ ነው ብለን እንያዘው፡፡ ብንሳሳት የምንከስረው የአንድ ኢሲጂ ዋጋና ጥቂት ሰዓት ነው፡፡ በሌላ በኩል የተሳሳትን እንደሆነ የምንከስረውን እህቴ ደረጃው መሐል ላይ ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ አየዋለሁ፡፡

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፡፡ እህቴ ግን አልደበቀችም፤ ነግራኝ ነበር፡፡