የቆዩ ጠመንጃዎችን ሠሪ መለየት

የቆየ ጠመንጃን ሠሪ መለየት ማለት አንድ ጠመንጃ በየትኛው ፋብሪካና መቼ እንደተሠራ በብረቱ ላይ ካሉት ምልክቶች አንብቦ ማወቅ ነው። በምዕራብ ጎጃም፣ ከፈረስ ቤት እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባለው አገር፣ ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ቅርስ ስለሆነ ጉዳዩ የታሪክም ጉዳይ ነው። «ይህ ከዓድዋ የመጣ ነው» ወይም «ይህ በአርበኝነት ዘመን የተማረከ ነው» የሚለው የቤተሰብ ቃል ሊሆን የሚችል መሆኑንና አለመሆኑን ብዙ ጊዜ ብረቱ ራሱ ይመሰክራል። አስቸጋሪው ነገር ጠመንጃው የሚጠራበት ስም የሠሪው ስም አለመሆኑ ነው። ስሙ የፈልሳፊው፣ የገዢው፣ የሻጩ ወይም የአገሩ ሊሆን ይችላል።

የአገር ውስጥ ስሞች

ውጅግራ የሚለው ቃል «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ነው። ፉዚ ጠመንጃ ማለት ሲሆን ግራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1874 ጠመንጃውን ያወጣው መኮንን የባዚል ግራ ስም ነው። ጠመንጃው 11 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነው። የተሠራው ግን በፈረንሳይ መንግሥት ፋብሪካዎች፣ በሴንት ኤትየን፣ በሻቴልሮና በቱል ነው። የኦስትሪያው የሽታየር ፋብሪካም ለግሪክ ጦር ሠርቶታል። ስለዚህ «ውጅግራ ነው» ማለት ዓይነቱን እንጂ ሠሪውን አይነግረንም። ሠሪውን ለማወቅ ጥይት በሚጎርስበት የብረት አካል በግራ ጎኑ የተቀረጸውን የፋብሪካ ስም ማንበብ ያስፈልጋል።

ሰናድርም እንዲሁ ነው። ጄኮብ ስናይደር አሜሪካዊ ፈልሳፊ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ጦር በ1866 የተቀበለው ከኋላ የሚጎርስበትን ዘዴ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሰናድሮች ቀድሞ ከአፈሙዝ ይጎርሱ የነበሩ የኤንፊልድ ጠመንጃዎች ተቆርጠው የተለወጡ ናቸው። በዚህ ምክንያት በቀኝ ጎኑ፣ መዶሻው በተተከለበት ሰሌዳ ላይ፣ 1861 የሚል ዓመት ያለበት ሰናድር ቢገኝ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ሰሌዳው ከለውጡ በፊት የነበረ ነው። ከዘውዱ ሥር «ታወር» የሚል ጽሑፍ ካለ ደግሞ ጠመንጃው በለንደን ወይም በበርሚንግሃም ባሉ የግል ባለሙያዎች ተሠርቶ በመንግሥት የተመረመረ መሆኑን ያሳያል። እንግሊዞች በሚያዝያ 1868 በመቅደላ አጠገብ በአሮጌ የተዋጉት በዚህ ጠመንጃ ነበር።

ማርቲኒ ሄንሪ በስሙ ሁለት ሰዎችን ቢይዝም አንዳቸውም በብዛት አላመረቱትም። የመጎረሻው ዘዴ በስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረው የፍሪድሪኽ ማርቲኒ ሲሆን፣ በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጥምዝ የኤድንብራው የአሌክሳንደር ሄንሪ ነው። ያመረቱት ኤንፊልድና የበርሚንግሃም ኩባንያዎች ናቸው። ይህ ጠመንጃ ለጎጃም ባዕድ አይደለም። ኮሎኔል ሳንድፎርድ በ1940 ወደ ጎጃም ሲገባና ከዚያም በኋላ እንግሊዞች ለአርበኞች ያደሉት በአብዛኛው ይህንኑ አንድ ጥይት የሚጎርስ፣ በዘመኑ ያረጀ መሣሪያ ነበር።

በልጅግ የሚባለው ስሙን ከቤልጂግ አገር አግኝቷል። ዘዴው የጀርመናዊው ማውዘር ሲሆን፣ ሠሪው ልዬዥ ከተማ አጠገብ በኤርስታል የሚገኘው ፋብሪክ ናስዮናል ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለኢትዮጵያ የተሠሩት የይሁዳ አንበሳ ምልክት ስላለባቸው አንዳንድ ሰው አገር ውስጥ የተሠሩ ይመስሉታል። አንበሳው ግን የገዢው ማኅተም ነው። እዚሁ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ ይነሣል፤ በላዩ ያለው የብር ሰሌዳ ሰጪዋን ንግሥት ቪክቶሪያንና ተቀባዩን ይናገራል እንጂ ሠሪውን አይናገርም።

ከዓድዋ ወይስ ከዚያ በኋላ

ዓመት ማንበብ በጣም የሚጠቅመው ለጣሊያን ጠመንጃዎች ነው። በዓድዋ የተሰለፈው የጣሊያን ጦር በብዛት የታጠቀው ቬተርሊ ነበር። ካርካኖ የሚባለው ጠመንጃ በ1891 ቢወጣም ያኔ ለዚያ ጦር ዋና መሣሪያ አልነበረም። ካርካኖ በተርኒ፣ በብሬሺያ፣ በቶሪኖና በሌሎች ፋብሪካዎች ተሠርቷል፤ የቦታው ስምና ዓመቱም በአፈሙዙ ሥር በኩል ባለው ወፍራም ክፍል ላይ ይታያል። በአንዳንዶቹ ከዓመቱ ጎን የሮማውያን ቁጥር አለ። ይህ ከ1922 የሚቆጠር የፋሺስት ዘመን ነው፤ ለምሳሌ 14 የሚለው ቁጥር ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 ያለውን ጊዜ ያመለክታል። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ጠመንጃ በዓድዋ ሊማረክ አይችልም። በ1941 የንጉሠ ነገሥቱና የዊንጌት ጦር በገፋ ጊዜ ጣሊያኖች ቡሬን ለቀው ወደ ደምበጫና ደብረ ማርቆስ ያፈገፈጉት በዚሁ አካባቢ ስለሆነ፣ የእንዲህ ያለ ጠመንጃ ታሪክ ወደዚያ ዘመን ቢጠጋ ይሻላል። ይህ ደግሞ ክብሩን አይቀንሰውም።

በተቃራኒው የዓመቱ ማነስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ ከነበሩት መሣሪያዎች ብዙዎቹ በአውሮፓ ከአገልግሎት የወጡ ነበሩ። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ በ1887 ለምኒልክ ያደረሳቸው ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎችም እንዲሁ አሮጌዎች ነበሩ። ስለዚህ በብረቱ ላይ ያለው ዓመት «ከዚህ በፊት አልነበረም» ይላል እንጂ ወደ አገር የገባበትን ቀን አይናገርም።

የእንግሊዝ የአደን ጠመንጃዎች

ባለ ሁለት አፈሙዝ የእንግሊዝ የአደን ጠመንጃ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስታል፤ ምክንያቱም በጉልህ የተጻፈ ስም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1875 በበርሚንግሃም በዌስትሊ ሪቻርድስ ቤት ይሠሩ የነበሩት አንሰንና ዲሊ ቦክስሎክ የሚባለውን ዘዴ አወጡ። በዚህ ዘዴ መዶሻውና ሞላው በአካሉ ውስጥ ተሸሽገው ይቀመጣሉ፤ አሠራሩም ቀላልና ርካሽ ነው። የባለቤትነት መብቱ ሲያልቅ የበርሚንግሃም ባለሙያዎች በብዛት ይሠሩት ጀመር፤ በየከተማው ያለ ነጋዴም የተዘጋጀውን ገዝቶ የራሱን ስም ያስቀርጽበት ነበር። ወደ ባሕር ማዶ ለሚሄዱ መኮንኖች ዕቃ ያቀርብ የነበረው የለንደኑ «አርሚ ኤንድ ኔቪ» መደብር በስሙ የሸጣቸው ጠመንጃዎችም በሌሎች እጅ የተሠሩ ናቸው።

እውነቱ ያለው ከታች ነው። የፊቱ እንጨት ወጥቶ አፈሙዞቹ ከአካሉ ሲለዩ፣ ጠፍጣፋው ብረት ላይ የፈተና ምልክቶች ይታያሉ። የለንደን መፈተሻ ከ1637፣ የበርሚንግሃም ከ1813 ጀምሮ ያለ ነው። በላይ የለንደን አድራሻ ተጽፎ በታች የበርሚንግሃም ምልክት ከተገኘ ስሙ የሻጭ ሊሆን ስለሚችል መጠራጠር ተገቢ ነው፤ አንዳንድ የለንደን ስም ያላቸው ግን በርሚንግሃም ራሳቸው ይሠሩ ነበር። በርሚንግሃም በ1904 ምልክቱን ስለለወጠ ዘመኑንም መገመት ይቻላል፤ የተሻገሩ በትረ መንግሥታት ያሉበት ከዚያ በፊት፣ በዘውድ ሥር ሁለት ፊደላት ያሉበት ከዚያ ወዲህ ነው። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ሦስት የላቲን ፊደላት ያሉበት የልዬዥ ምልክት ከሆነ ደግሞ፣ በላይ የእንግሊዝኛ ስም ቢኖርም ጠመንጃው ምናልባት የቤልጂግ ሥራ ነው። ከአፈሙዞቹ ሥር በሚገኘው የመያዣ ብረት ላይ ያሉ ትንንሽ ፊደላት የሠራተኛው ወይም የቤቱ መጀመሪያ ፊደላት ናቸው፤ ሠሪውን በስም ለማግኘት ብዙ ጊዜ የሚረዱት እነርሱ ናቸው።

የምልክቶች መጥፋት

ዝገት ለማስለቀቅ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ የተለመደ ነው፤ ምልክቱን የሚያጠፋውም በአብዛኛው ይኸው ነው። ጥልቀቱ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጥ የፋብሪካ ምልክት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢፈገፈግ አይነበብም። ዘይት በነካው ለስላሳ ጨርቅ ማበስና በሰያፍ ብርሃን ፎቶ ማንሣት ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ጠመንጃው አለመጉረሱን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። የተለያዩ ጠመንጃዎች ክፍሎች የተገጣጠሙበት መሣሪያም ብዙ ስለሆነ፣ በአፈሙዙ፣ በመዝጊያውና በሰደፉ ላይ ያሉት ተከታታይ ቁጥሮች አንድ መሆናቸው ይታያል። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ዓመቱ የሚናገረው ስለተቀረጸበት ክፍል ብቻ ነው።