የአርቪ ውሃ ማሞቂያ፦ ከ23 ሊትር ምን ያህል ሙቅ ውሃ ይገኛል?

አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አርቪ (መኝታና መታጠቢያ ያለው የጉዞ መኪና) ተከራይቶ ወደ የሎስቶን ወይም ወደ ግራንድ ካንየን የሚጓዝ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ገና በመጀመሪያው ምሽት አንድ ነገር ይገጥመዋል። ቀድሞ የገባው ሰው ተመችቶት ታጥቦ ይወጣል፤ ተከታዩ ሻምፖው ፀጉሩ ላይ እንዳለ ውሃው ይቀዘቅዝበታል። ማሞቂያው የተበላሸ ይመስላል፤ አልተበላሸም። እዚያ አገር በመኖሪያ ቤት የሚገጠመው ማሞቂያ በብዛት 150 ወይም 190 ሊትር ይይዛል፤ አርቪ ላይ የሚገጠመው ግን አብዛኛውን ጊዜ 6 ጋሎን፣ ማለትም 23 ሊትር ገደማ ነው። ባለ 10 ጋሎኑም ቢሆን ከ38 ሊትር አያልፍም። ቦታው በመኪናው ግድግዳ ላይ በልክ የተቆረጠ ስለሆነ ታንከሩን በትልቅ መቀየር ቀላል አይደለም። መቀየር የሚቻለው ውሃው በስንት ዲግሪ እንደሚጠራቀም፣ ከቀዝቃዛው ጋር የት እንደሚገናኝና በምን ፍጥነት እንደሚፈስ ነው። በእነዚህ ሦስቱ ብዙ ማግኘት ይቻላል።

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። ከአርቪው ውጭ በጎን በኩል የቆርቆሮ ክዳን አለ። ሲከፈት የጋዝ ቫልቩና ማቃጠያው፣ ከላይ ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚለቀው ሴፍቲ ቫልቭ፣ ከታች ደግሞ ታንከሩ የሚፈስበት መድፈኛ ይታያሉ። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ይገባል፤ ሙቁ ከላይ ይወጣል። ከውስጥ ማብሪያው ሲጫን ጋዙ ይለቀቃል፣ ብልጭታው ይለኩሰዋል፣ ነበልባሉም በታንከሩ ሆድ በሚያልፍ ቱቦ ውስጥ እየነደደ ውሃውን ያሞቃል። በብዙ አርቪዎች ላይ የሚገኘው ሰበርባን የተባለው ማሞቂያ ውሃው 54 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ በቴርሞስታቱ ጋዙን ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ቢከዳ ደግሞ 82 ዲግሪ ላይ ሁሉንም የሚቆርጥ ሌላ መከላከያ አለው።

ነበልባሉን ጎንበስ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኖ በኃይል መንደድ አለበት። ቢጫ ሆኖ የሚወላወል ከሆነ አየር አጥሮታል፤ ጥላሸትም እያጠራቀመ ነው። ምክንያቷ ብዙ ጊዜ ሸረሪት ናት፤ አርቪው ቆሞ በከረመባቸው ወራት በማቃጠያው ቱቦ ውስጥ ድር ታደራለች። ጋዙን ዘግቶ፣ ማሞቂያው እስኪበርድ ጠብቆ ቱቦውን በቀጭን ብሩሽ መጥረግ የደከመውን ማሞቂያ ወደ ጉልበቱ ይመልሰዋል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ሰው የሚታጠበው በ40 ዲግሪ ገደማ ውሃ ነው። ቀዝቃዛው 15 ዲግሪ ነው እንበል። በ54 ዲግሪ የተጠራቀመው 23 ሊትር ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ 36 ሊትር የመታጠቢያ ውሃ ይሆናል። ያው 23 ሊትር 60 ዲግሪ ቢሆን 41፣ 70 ቢሆን ደግሞ 51 ሊትር ይወጣዋል። ታንከሩ አንድ ጣት ሳይሰፋ 15 ሊትር ተጨመረ ማለት ነው። በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ሙቁ ከላይ ሲወጣ ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ ቀሪውን እያበረደው ይሄዳልና። አየሩም ይለውጠዋል፤ ኮሎራዶ ተራራ ላይ 8 ዲግሪ ውሃ የሚቀዳ ሰው 36ቱ ሊትር ወደ 33 ይወርድበታል።

ነገር ግን ሙቀት መጨመር እንደ ዋዛ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ያን ያህል እንኳ አይቆይም። ስለዚህ ቴርሞስታቱን ከፍ ወዳለ ከመቀየር በፊት ሚክሲንግ ቫልቭ መገጠም አለበት፤ በዚህ ነገር መደራደር አይገባም። ቫልቩ ከነሐስ የሚሠራ ባለ ሦስት አፍ ዕቃ ነው። በአንዱ ሙቅ፣ በሌላው ቀዝቃዛ ይገባል፤ በሦስተኛው የተደባለቀው ይወጣል። በውስጡ ሰም የታሸገበት ትንሽ ክፍል አለ፤ ውሃው ሲግል ሰሙ አብጦ የሙቁን መግቢያ ያጠብበዋል፣ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ያሰፋዋል። ታንከሩ 70 ዲግሪ ቢደርስም ቫልቩ 49 ላይ ከተስተካከለ ወደ ቧንቧው የሚሄደው 49 ዲግሪ ውሃ ነው። አትውድ የተባለው አምራች ኤክስቲ በሚለው ሞዴሉ ይህንኑ ዘዴ ከፋብሪካው ገጥሞ ለገበያ አቅርቧል። በሌሎቹ ላይ ቫልቩን ለብቻው ገዝቶ ማስገጠም ይቻላል። ከፋብሪካ የሚመጣው ቴርሞስታት አብዛኛውን ጊዜ ስለማይስተካከል እሱን መለወጥ ለባለሙያ ይተው።

ስሌቱ ለአርቪ ብቻ የሚሠራ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 50 ሊትር የግድግዳ ቦይለር ያለው ሰው 45 ዲግሪ ላይ ቢያስቀምጠው በዚያው በ15 ዲግሪ ቀዝቃዛ ውሃ ስሌት 60 ሊትር የመታጠቢያ ውሃ ያገኛል፤ 65 ላይ ቢያደርገው 100 ሊትር። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ቦይለሩን ከፍ አድርጎ ማሞቅ ለምን እንደሚያዋጣ ከዚህ ይታያል። ሌጂዮኔላ የሚባለው ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ 60 ዲግሪ ላይ ይሞታል። እርግጥ እዚህም ቢሆን ልጆች ባሉበት ቤት ቫልቩ የግድ ነው።

ብዙ የአርቪ ማሞቂያዎች ከጋዙ ሌላ የኤሌክትሪክ ኤለመንት አላቸው። የሰበርባኑ ባለ 6 ጋሎን ኤለመንት 1440 ዋት ነው፤ 23 ሊትሩን ከ15 ወደ 54 ዲግሪ ለማድረስ 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሚያነደው ጋዝ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላበትም። ሁለቱም አንድ ላይ ሲበሩ ከ20 ደቂቃ ያነሰ ይበቃቸዋል፤ ሰውየው እየታጠበ ሳለም ሙቁ ውሃ ይተካለታል። ቤተሰብ ተራ በተራ በሚታጠብበት ምሽት ሁለቱንም ማብራት ከሁሉ ቀላሉ መፍትሔ ነው፤ ምንም መግዛት አያስፈልግም። ኤለመንቱ ግን 12 አምፒር ይወስዳል። የካምፑ መስመር 30 አምፒር ከሆነ ኤሲውና ማይክሮዌቩ አብረውት ሲሠሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ታንከሩ ባዶ እያለ ኤለመንቱን ማብራት ደግሞ በቅጽበት ያቃጥለዋል።

አንዳንዴ ማሞቂያው ደህና ሆኖ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ በጓሮ በር እየገባ ሙቁን ያበላሸዋል። ከማሞቂያው ጀርባ፣ ለብርድ ወራት ታንከሩን አልፎ ውሃ የሚያሳልፍ ባይፓስ ቫልቭ አለ። በደንብ ካልተዘጋ ቀዝቃዛው በቀጥታ ከሙቁ መስመር ጋር ይቀላቀላል፤ ባለቤቱም ለወራት ማሞቂያውን ይረግማል። ሁለተኛው የውጭው ሻወር ነው። የእጅ መርጫው ጫፍ ላይ ብቻ ተዘግቶ ሙቁና ቀዝቃዛው ቧንቧ ክፍት ከቀሩ ሁለቱ መስመሮች እዚያው ይገናኛሉ። ማሞቂያ ለመቀየር ገንዘብ ከማውጣት በፊት እነዚህን ሁለት ቦታዎች መፈተሽ ያስፈልጋል።

የሰበርባን ታንከር ውስጡ በኢናሜል የተለበጠ ብረት ነው፤ ከዝገት የሚጠብቀው ከመድፈኛው ጋር ተያይዞ ወደ ውስጥ የሚገባ የማግኒዥየም ወይም የአልሙኒየም ዘንግ ነው፤ አኖድ ይሉታል። ዘንጉ በታንከሩ ፈንታ ይበላል። በየዓመቱ ጋዙንና መብራቱን አጥፍቶ፣ ውሃው እስኪበርድ ጠብቆ፣ ግፊቱን አውጥቶ መፍታት ነው። አውራ ጣት የሚያክለው ዘንግ ብዙ ቦታው ተቦርቡሮ መሐል ላይ ያለው ሽቦ ከታየ ጊዜው አልፏል። በዚያው ቀዳዳ ነጭ ጠጠርና ደለል አብሮ ይፈሳል፤ ያ ሁሉ የውሃውን ቦታ ይዞ፣ ሙቀቱንም ከልክሎ የቆየ ነው። በደንብ እስኪጠራ ማጠብ ይገባል። የአትውድ ታንከር አልሙኒየም ስለሆነ አኖድ የለውም፤ ደለሉን ማጠብ ግን እሱንም ይመለከታል።

የቀረው የሻወሩ ራስ ነው። በአሜሪካ ሕግ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍሰት በደቂቃ 9.5 ሊትር ነው፤ በዚህ ፍጥነት 36 ሊትር 4 ደቂቃ አይሞላም። በደቂቃ 5.7 ሊትር የሚያፈስ ራስ ሲገጠም ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል።

ታንከር የሌላቸው፣ ውሃውን እያለፈ የሚያሞቁ ዕቃዎችም አሉ። ትሩማ አኳጎ ለምሳሌ በሰዓት 60,000 ቢቲዩ ያነዳል፤ ከሰበርባኑ አምስት እጥፍ ነው። ውሃና ፍሳሽ ማገናኛ ባለበት ካምፕ ለሚያድር ትልቅ ቤተሰብ ጥሩ ግዢ ነው ብዬ አምናለሁ። በረሃ ላይ ያለ ማገናኛ ለሚሰፍር ሰው ግን አልመክረውም፤ እዚያ ሙቁ ውሃ ሳያልቅ የእጣቢው ታንከር ይሞላል።