«ይፎርማት» ከመባሉ በፊት

በደብረ ብርሃን ብርዱ ብዙ ይታማል። ኮምፒዩተር ጧት አልነሣም ሲል እንኳ «ብርዱ ነው» ይባላል። እኛም ይህንኑ ስንል ቈይተን የአንድ ጓደኛችን የመመረቂያ ጽሑፍ ለጥቂት ከመጥፋት ስለ ተረፈ፣ ነገሩን ለጓደኞቻችን ለማስረዳት ፈለግን።

ጓደኛችን በአንኮበር ስም ስለምትጠራው፣ ሊቃውንት በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስላወቋት ትንሽ ወፍ ለማጥናት በአንኮበር ገደላገደል ሲንከራተት ከርሞ ማስታወሻውን ኹሉ በጠረጴዛ ኮምፒዩተሩ ላይ አስፍሮ ነበር። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ አደረ። ጧት ሲከፍተው ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ጠፋ፤ ተነሣ፤ እንደ ገና ጠፋ። የወሰደበት ጠጋኝ አይቶ ሳይጨርስ «ይፎርማት» አለ። ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ቤት ይፈርሳልን?

ኮምፒዩተር ሲከፈት በመጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ ሳይኾን ባዮስ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። እርሱም ዲስኩን፣ ሚሞሪውንና ኪቦርዱን ለይቶ ያዘጋጃል። ዲስኩን የሚያቀርብበት መንገድ ግን አንድ አይደለም፤ አይዲኢ፣ ኤኤችሲአይ፣ ሬይድ የሚባሉ አሉ። ዊንዶውስ በአንደኛው ተጭኖ ሳለ መንገዱ በድንገት ቢለወጥበት፣ ለዐዲሱ የሚኾነውን ድራይቨር ገና ሲነሣ ስለማይጭን የገዛ ዲስኩን ማግኘት ያቅተዋል። «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ጽሕፈት ወይም በ7ቢ የሚያልቅ ቍጥር የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። ዲስኩ ደኅና ነው፤ ያልታወቀው መንገዱ ነው።

መንገዱን ማን ለወጠው? በቈዩ ማሽኖች ውስጥ የባዮስን ምርጫ የምትጠብቅ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች። ሶኬቱ እስከ ተሰካና መብራት እስካለ ድረስ ድካሟ አይታወቅም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ምርጫው ተረስቶ ፋብሪካው ወዳወጣው ይመለሳል። ምልክቱም ሰዓቱ ነው። የጓደኛችን ኮምፒዩተር ቀኑን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መልሶት አገኘነው። ብርዱን በከንቱ አማነው!

ስለዚህ ሲከፈት ኤፍ 2ን ወይም ዲሊትን ተጭነን ባዮስ ገባን። የነበረውን በስልክ ፎቶግራፍ አነሣንና ሬይድ የሚለውን ወደ ኤኤችሲአይ መለስነው። ዊንዶውስ ምንም እንዳልደረሰበት ተነሣ። ባትሪዋን የለወጥነው ከዚያ በኋላ፣ ሶኬቱን ነቅለን ነው።

እንዲህ ባለ ነገር የተቸገረ ተማሪ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ቢል ጌትስ ዊንዶውስ 98ን በቺካጎ ለሕዝብ ሲያስተዋውቁ፣ ረዳታቸው ስካነር በሰካ ጊዜ ሰማያዊው ገጽ በአደባባይ ወጥቶባቸዋል።

ምርጫውን መልሳችሁ ካልተነሣ፣ ኡቡንቱን በፍላሽ አስነሡና ሳይጫን የሚሞከርበትን ምረጡ፤ ዲስኩ ከታየ አስቀድማችሁ ጽሑፋችሁን ገልብጡ። ባዮሱ ራሱ ዲስኩን ካላየው ገመዱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስኩ፤ ዲስኩ ተበላሽቷል ተብሎ የሚጠረጠረው ከዚህ በኋላ ነው። ላፕቶፑ በቢትሎከር የተቈለፈ እንደ ኾነ ግን ባዮሱን ከመንካታችሁ በፊት የመክፈቻውን ቍጥር በእጃችሁ ያዙ፤ ሊጠይቃችሁ ይችላልና።