የተሰበረ ጀሶ እስከ ምን ይጠገን?

«እግሩ ጀሶ ታሰረለት» ስንል የምንጠቅሰው ነጭ ነገር ስሙን ያገኘው ከጣሊያንኛ ነው። እዚያው ጣሊያን፣ ፖሳኞ በምትባል ትንሽ ከተማ ግን ስብራቱ የደረሰው በራሱ በጀሶው ላይ ነው። እንዴት ይጠገን የሚለው ጥያቄም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ፖሳኞ የቀራፂው አንቶኒዮ ካኖቫ (1757–1822 እ.ኤ.አ.) ትውልድ ቦታ ናት። የጀሶ ሥራዎቹ እዚያ በ1830ዎቹ በተሠራላቸው አዳራሽ ይገኛሉ። ቅጂ ናቸው ብሎ የሚያልፋቸው ሰው ይሳሳታል። ካኖቫ በጭቃ የቀረፀውን በጀሶ ያወጣው ነበር፤ እብነ በረዱን አብዝተው የሚጠርቡት ረዳቶቹ ናቸው፣ እሱ የመጨረሻውን ገጽ ያለሰልሳል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ፣ በጀሶው ገላ ላይ ጥቃቅን የሚስማር ነጥቦች ተበትነዋል። ረዳቶቹ ልኬቱን ወደ ድንጋዩ ያሻገሩት በእነሱ ነው። ለካኖቫ እጅ ከእብነ በረዱ ይልቅ ጀሶው ይቀርባል ባይ ነኝ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1917፣ የጦር ግንባሩ በፖሳኞ አቅራቢያ እስካለው ግራፓ ተራራ ደረሰና አዳራሹ በመድፍ ተመታ። ራስ፣ ክንድ፣ እግር ረገፈ። ጠባቂው ስቴፋኖ ሴራፊን ከልጁ ጋር ስብርባሪውን ለቅሞ ገጣጠመ። ያልተገኘውስ? ጸናጽል ይዛ የምትደንሰው ሴት ለረጅም ጊዜ ያለ ክንድ ቆመች፤ በኋላ በርሊን ያለችው የእብነ በረድ አቻዋ በሌዘር ተለክታ አዲስ ክንድ ተሠራላት።

የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር ጥገና ግምት ከሚጀምርበት በፊት ይቁም፣ የተጨመረውም ከዋናው ይለይ ይላል። የሌዘሩ ልኬት ግምት አይደለም። ነገር ግን የተለካው የድንጋዩ ክንድ ነው እንጂ የጀሶው አይደለም።

በ2020 ደግሞ አንድ ጎብኚ ፎቶ ለመነሣት በዚሁ አዳራሽ ባለው የናፖሊዮን እህት የፓውሊና ቦናፓርት ጀሶ ላይ ሲቀመጥ የእግሯ ጣቶች ተሰበሩ። ለእነዚያ ጣቶች «ስብራቱም ታሪክ ነው፣ ይተው» ብሎ የተከራከረ አልሰማሁም። የመድፉ ቁስል ግን የከተማው ሕዝብ ትዝታ ነው፤ ድራሹን ማጥፋት ይከብደኛል።

ጀሶ በራሱም አስቸጋሪ ነው። ውሃ ቀስ እያለ ያሟሟዋል፤ ስለዚህ እንደ ድንጋይ አይታጠብም። ውስጡ የተቀበረ ብረት ሲዝግ ያብጥና ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እናም አዲስ ክንድ ሲገጠም፣ ነገ ሌላ ባለሙያ ዋናውን ሳይጎዳ ሊያወልቀው እንዲችል ሆኖ ይገጠም። ከሩቅ ዳንሱን ይሙላ፤ ከቅርብ አዲስነቱ ይታይ። ሚስማር ግን አይተከልበት፤ በእሱ ልኬት የወሰደ ረዳት የለምና።