«ናፍጣ ውስጥ ንከሯት»

ዶሮ ባለበት ግቢ ሁሉ ይህ ምክር አይጠፋም። የዶሮዋ እግር አመድ መስሎ ሲወፍር፣ ቅርፊቱ እየተነሳ ሲሻክር፣ ከአጥር ማዶ አንዱ «ናፍጣ ውስጥ ንከሯት!» ይላል። ናፍጣ ከሌለ ነጭ ጋዝ፣ እሱም ከሌለ ከጋራዥ በጣሳ የሚለመን የተቃጠለ ዘይት። መካሪው አይጠራጠርም። ዶሮን ከድስት ወዲያ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ሲናገር ሐኪም ነው።

ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ 12 እንቁላል የታቀፈች ዶሯቸውን አንስተው ሁለት እግሯን ናፍጣ ጣሳ ውስጥ ሲዘፍቁ ደረስኩ። «እትዬ፣ ኧረ ታቅፋለች!» አልኳቸው። «ዝም በል አንተ! እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው» አሉኝና ዶሮዋን መልሰው እንቁላሏ ላይ አስቀመጧት። 21ኛው ቀን አለፈ፣ ሳምንትም ተጨመረ፤ የተፈለፈሉት ሁለት ጫጩቶች ብቻ ነበሩ።

ጥፋቱ የናፍጣው ብቻ ነው ብዬ አልምልም። እንቁላል በብዙ ምክንያት ይበላሻል፤ እናቲቱ ብዙ ሰዓት ተነስታ ብትቆይም ይበርዳል። ግን የእንቁላል ቅርፊት እንደ ወንፊት ነው፤ ውስጥ ያለው ጽንስ የሚተነፍሰው በዚያ ጥቃቅን ቀዳዳ ነው። ባሕር ላይ በፈሰሰ ነዳጅ የተነካ የወፍ እንቁላል ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ጥቂት ጠብታ ጽንስን ለመግደል እንደሚበቃ ደጋግመው አይተዋል። እንግዲህ እግሯ ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ዶሮ እንቁላል ላይ ስትቀመጥ ምን ይጠበቃል?

እውነቱን ለመናገር፣ ምክሩ ከሜዳ አልመጣም። የእግር እከክ የሚባለው ይህ በሽታ የሚመጣው ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ከማይሞላ ተባይ ነው። በሳይንሱ ክኒሚዶኮፕቴስ ሚውታንስ ይሉታል፤ ሰውን እከክ ከሚያሲዘው ተባይ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ከእግር ቅርፊት ሥር ሰርጎ ይቆፍራል፣ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይራባል። ዶሮዋም በመከላከል ቆዳዋን እየደራረበች ታወፍራለች፤ ያ የኖራ ልጥፍ የሚመስለው ነጭ ነገር ከዚህ የመጣ ነው። ሲብስ ታነክሳለች፣ ጣቷም ተቆርጦ ሊወድቅ ይችላል።

ይህ ተባይ እንደ ነፍሳት የአየር ቧንቧ የለውም፤ የሚተነፍሰው በቆዳው ነው። ስለዚህ ቅባት የሆነ ነገር ሲለብስ ይታፈናል። ናፍጣ የነከሩ ሰዎች «ሠራልኝ» ሲሉ ዋሽተው አይደለም፤ የአሜሪካ የድሮ የዶሮ እርባታ መጻሕፍትም ነጭ ጋዝ ከስብ ጋር ቀላቅሉ ይሉ ነበር። የሠራው ግን ቅባትነቱ ነው። ቅባትማ ጓዳ ውስጥ ሞልቷል! ቫዝሊን አለ፣ የምግብ ዘይት አለ። ታዲያ ሞተር የሚነዳበትን ነገር ምን አመጣው?

ናፍጣና ነጭ ጋዝ ቆዳ ያቃጥላሉ። ቆዳው በተባዩ ከተቆፈረ ደግሞ ጨው በቁስል ላይ እንደመነስነስ ነው። ዶሮዋ እግሯን በመንቆሯ ስታጸዳ ትውጠዋለች፤ ላባዋን ስታበጥር በአካሏ ሁሉ ታዳርሰዋለች። ሽታውም ቀላል አይደለም። የዶሮ መተንፈሻ እንደ እኛ ደረት ውስጥ አያበቃም፤ ከሳንባዋ የተነሱ የአየር ከረጢቶች እስከ ሆዷ፣ አልፎም አንዳንድ አጥንቷ ውስጥ ይዘልቃሉ። በዚህ ላይ ማታ ጠባብ ቤት ውስጥ ይዘጋባታል። የተቃጠለው ዘይት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሞተር ውስጥ ሲዞር ከብረቱ የፋቀውንና ከቃጠሎው የተረፈውን መርዝ ይዞ ነው የሚወጣው። ነገ እንቁላሏን ለሕፃን ልጃችን የምንቀቅልላትን ዶሮ በዚህ መቀባት፣ ለእኔ ቁጠባም አገር በቀል ዕውቀትም አይደለም።

የሚሠራው ይኸው። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና እግሯን አምስት፣ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፉ። ባረጀ የጥርስ ብሩሽ በስሱ አሹት፤ ራሱ የለቀቀው ይሂድ፣ ያልለቀቀው ይቆይ። አድርቁና ቫዝሊን ከጣቶቿ መካከል ጀምሮ እስከ ላባዋ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ። በየሁለትና ሦስት ቀኑ፣ ለአንድ ወር ያህል ድገሙት፤ ተባዩ በሦስት ሳምንት ገደማ ትውልድ ስለሚተካ አንድ ቀን ቀብቶ መተው ድካም ብቻ ነው። እግሯ ደህና የሚመስለውንም ዶሮ፣ አውራውንም ጭምር፣ አብራችሁ ቀቡ። የታቀፈች ከሆነች ግን ቫዝሊኑም ይቅርባት። ቅባት ምንጊዜም ቅባት ነው፣ የእንቁላሉን ቀዳዳ ይደፍናል። ጫጩቶቿን እስክታወጣ ትታገሥ።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ለውጡ ሲዘገይበት ነው። ጎረቤቴም ሁለት ሳምንት ቫዝሊን ቀብተው «ያው ነው፣ ምንም አልተለወጠ!» አሉኝ። ተባዩ ቢሞትም የተበላሸው ቅርፊት ወዲያው አይስተካከልም፤ በአዲስ እስኪተካ ወራት ይፈጃል። እግሩ እስኪያምር መጠበቅ ሳይሆን አዲስ ልጥፍ መብቀል ማቆሙን ማየት ነው።

«ቅርፊቱን ላጪው» የሚሉም አሉ፤ በጥፍርም፣ በቢላዋም። ከሥሩ ያለው ሕይወት ያለው ሥጋ ነው። ይደማል፣ ይመግላል፣ ዶሮዋም ከእከኩ ይልቅ በቁስሉ ትሰቃያለች።

«እርጅና ነው።» አይደለም። አሮጊት ዶሮዎች ላይ የሚበዛው ተባዩ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ነው። ፈንግል በሳምንት ግቢ ባዶ ያደርጋል፤ ይህኛው ወራት ይፈጃል፣ ስለዚህም ማንም አይቸኩልለትም።

«አመድ ውስጥ ትንከባለል፣ ይበቃታል።» ላባ ውስጥ ለሚርመሰመስ ቅማል አመድ ደግ ነው። ቅርፊት ሥር የተቀበረን ግን አያገኘውም።

«ወደ ልጆች ይጋባል፣ ሥጋዋም አይበላም።» ይህ ተባይ ኑሮው ወፍ ላይ ነው፤ ሰው ላይ ቤት አይሠራም። ሥጋዋንም አያበላሸውም።

«ከእንስሳት መድኃኒት ቤት አይቨርሜክቲን ገዝታችሁ ውጓት» የሚለው ወሬ ደግሞ ያስፈራኛል። አይቨርሜክቲን ግኝቱ ሁለት ሳይንቲስቶችን በ2015 (እ.ኤ.አ.) ለኖቤል ሽልማት ያበቃ ታላቅ መድኃኒት ነው፤ ይህን ተባይም ይገድላል። ነገር ግን ለከብትና ለበግ የተዘጋጀው ባለ 1 በመቶ ብልቃጥ ስሌቱ ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው። 1 ኪሎ ተኩል ለምትመዝን ዶሮ በዚያ ሒሳብ 0.03 ሚሊ ሊትር ይደርሳታል፤ ተራ መርፌ ላይ ጠብታ እንኳ ለመባል የማይበቃ ነገር ነው። በዓይን ግምት የሚሰጥ ሰው አሥር እጥፍ ሰጥቶ አያውቀውም። እንቁላሉም ውስጥ ስለሚገባ፣ የእንስሳት ሐኪም መጠኑንና እንቁላሉ የማይበላበትን ጊዜ ሳይነግር መሞከር የለበትም።

የእኛ ሰፈር እከክ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ደግሞ በበዓል ሰሞን ነው። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ሁለት ዶሮ ይገዛል፣ አንዷ ትታረዳለች፣ ሌላዋ «እንቁላል ትጣል» ተብላ ከነባሮቹ ጋር ቆጥ ላይ ትወጣለች። ተባዩ ከእግር ወደ እግር የሚተላለፈው እዚያ ተጠጋግተው ሲያድሩ ነው። ገበያ ላይ ሻጩ ደረቷን ዳብሱ ሲላችሁ እሺ በሉት፤ ግን እግሯንም ወደ ብርሃን አዙሩና ቅርፊቱ ልስልስ ብሎ መተኛቱን እዩ። ከተገዛችም ሦስት፣ አራት ሳምንት ለብቻዋ ትደር።

ጎረቤቴ ባለፈው በዓል የገዟትን ዶሮ ማዕድ ቤት አጠገብ ካርቶን ውስጥ ለብቻዋ አሳደሯት። «ለናፍጣ የምታወጪውን ለካርቶን አውጪው» ሲሉም ሌላዋን ጎረቤታችንን እየመከሩ ነው። ካርቶኑ በነፃ ነው የተገኘው፣ ቢሆንም አላረምኳቸውም።