ካብ፣ ግንብ፣ ልስን፤ ስለ ድንጋይ ቤት ሥራና ጥገና ቃላት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በድንጋይ ቤት አሠራርና ጥገና ረገድ በአማርኛ የሚሠራባቸውን አንዳንድ የሙያ ቃላት መርምሮ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ የሚረዳ ፍች ማቅረብ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው የምሥራቁን ኮረብታማ አገር፣ ይልቁንም ሐረርንና ከእርሷ ቁልቁል እስከ ድሬዳዋ ቆላ የሚወርደውን አካባቢ ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። በጁገል ቅጥር ውስጥ ያሉት ነባር ቤቶች በድንጋይና በጭቃ ተሠርተው በኖራ የተቀቡ ናቸው፤ ከተማዋ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህም የእነዚህ ቤቶች ጥገና የባለቤቱና የግንበኛው ብቻ ሳይሆን የተርጓሚም ጉዳይ ሆኗል። በሌላ በኩል ደግሞ በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን እዚያው ታች በድሬዳዋ ነበር። ስለሆነም አሮጌውና አዲሱ ማያያዣ፣ አሮጌውና አዲሱም ቃል፣ በአንድ ግድግዳ ላይ የተገናኙበት አገር ነው።

በቅድሚያ መለየት የሚገባቸው «ካብ» እና «ግንብ» ናቸው። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱም የድንጋይ ሥራ ተብለው ስለሚታለፉ ልዩነታቸው በቀላሉ ይደበዝዛል። ካብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ማያያዣ የሚደረደርበት ሥራ ነው፤ የሚያቆመውም የድንጋዩ ክብደትና የአንዱ በሌላው ላይ ተደላድሎ መቀመጥ ብቻ ነው። ግንብ ግን በጭቃ፣ በኖራ ወይም በሲሚንቶ የሚያያዝ ነው። ለዚህ ከሕዝቡ አነጋገር የተሻለ ምስክር አናገኝም። የማይዘልቅን ማኅበር ወይም ወዳጅነት «የእንቧይ ካብ» እንለዋለን፤ እንቧይ ክብ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ አይደላደልምና። «የእንቧይ ግንብ» የሚል ሰው ግን አልሰማንም፤ ማያያዣ ቢኖረውማ እንቧዩም ሳይቆም አይቀርም ነበር። ፈሊጡን የፈጠረው ሰው የሁለቱን ቃላት ድንበር ጠንቅቆ ያውቅ እንደነበር ከዚህ እንረዳለን።

ይህ ልዩነት በተዳፋት ላይ ለሚኖር ሰው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከምሥራቁ ጥቂት ወጣ ብለን ወደ ደቡብ ብንመለከት፣ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የኮንሶ እርከኖች ካብ ናቸው። የዝናቡ ውሃ በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል፤ አፈሩ ግን ይቀራል። እንግዲህ አንድ የሥራ መመሪያ ሲተረጎም ካብና ግንብ ሁለቱም «የድንጋይ ግንብ» ቢባሉ፣ አንባቢው ክፍተቱን ሁሉ በሲሚንቶ ሊደፍነው ይችላል። መውጫ ያጣው ውሃ ከካቡ በስተጀርባ ይጠራቀማል፤ የአፈሩ ክብደት ላይ የውሃው ግፊት ሲጨመርም ካቡ አብጦ ይናዳል። በአንጻሩ አፈር እንዲደግፍ የሚሠራ ግንብ ከመጀመሪያው የውሃ መውጫ ቀዳዳ ሊተውለት ግድ ነው። በዚህ ምክንያት «ደጋፊ ካብ» እና «ደጋፊ ግንብ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ መነሻ ቃላት ሆነው እንዲመዘገቡ፣ በሁለቱም ፍች ውስጥ ውሃ የሚወጣበት መንገድ እንዲጠቀስ ሐሳብ እናቀርባለን። የውሃውን ነገር ሳይጠቅስ የሚያልፍ ፍች ሁለቱን ቃላት የሚለያያቸውን ዋና ነገር አጉድሏል።

ከሁሉ የሚከብደው ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያይዘው ርጥብ ውሕድ በአማርኛ ጽሑፍ የጸና የወል ስም የለውም። ግንበኛው እንደ ይዘቱ «ጭቃ» ወይም «ሲሚንቶ» ብሎ ይጠራዋል፤ በሥራ ላይ ይህ በቂ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠራው ነገር በፊቱ አለ። በጽሑፍ ላይ ግን «ሲሚንቶ» የሚለው ቃል ሦስት ሸክም ተጭኖበታል፤ ከፋብሪካ በከረጢት የሚመጣውን ዱቄት፣ ዱቄቱ ከአሸዋና ከውሃ ጋር ተደባልቆ የተቦካውን፣ እንዲሁም በግድግዳ ላይ የተለሰነውን ገጽ። ለምሳሌ ያህል አንድ የጥገና መመሪያ «የተጎዳው ልስን ከተነሣ በኋላ የድንጋዮቹ ግጣም ከነባሩ በማይጠነክር ውሕድ ይሞላ» የሚል ቢሆንና ተርጓሚው «ግጣሙ በሲሚንቶ ይሞላ» ብሎ ቢያሳጥረው፣ የትእዛዙ ፍሬ ነገር ተገለበጠ ማለት ነው።

ለምን እንደሚገለበጥ ማወቅ ለፍች አጻጻፍም ስለሚጠቅም በአጭሩ እንግለጸው። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ከመሬት ርጥበት ይስባል፤ ከዝናብም ይቀበላል። የጭቃው ምርግና የኖራው ቅብ አየር የሚያስተላልፉ በመሆናቸው የገባው ርጥበት በበጋው ፀሐይ ተኖ ይወጣል። የሲሚንቶ ልስን ግን ጥቅጥቅና ጠንካራ ነው። ርጥበቱን ወደ ውስጥ ይዘጋበታል፤ የውስጡ ጭቃ ይላሽቃል፤ ከውሃው ጋር የሚመጣው ጨውም ከልስኑ ሥር እየተጠራቀመ ይገፋዋል። ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ ልስኑ ይላጣል፤ ሲላጥም የድንጋዩን ገጽ ይዞ ይወርዳል። ከውጭ ሲታይ አዲስና ጽኑ የሚመስለው ቤት ከውስጡ ይበሰብሳል ማለት ነው። የጥገና ባለ ሙያዎች አዲሱ ውሕድ ከአሮጌው አይጠንክር የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ውሕድ የወል ስም «ቡኮ» እንዲሆን እንመርጣለን። ቃሉ የእንጀራና የዳቦ ነው፣ ከማድ ቤት አይወጣም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። ነገር ግን ግሱ ከማድ ቤት ከወጣ ቆይቷል፤ ጭቃ «ይቦካል»፣ ሲሚንቶም «ይቦካል»፤ በማንኛውም የግንባታ ሥፍራ የሚሰማው ይኸው ነው። ግሱን ተቀብሎ ስሙን መከልከል አግባብ አይመስለንም። እንግዲያውስ «የጭቃ ቡኮ»፣ «የኖራ ቡኮ»፣ «የሲሚንቶ ቡኮ» ብንል የወል ስሙ አንድ ሆኖ ዓይነቱ በቅጽሉ ይለያል፤ «ማያያዣ» የሚለው ቃልም ለጭቃው፣ ለኖራውና ለሲሚንቶው ለራሳቸው ይቀራል። «ሲሚንቶ» ከሦስቱ ሸክሞች ሁለቱን አውርዶ ወደ ዱቄቱ ይመለሳል።

«ኖራ» ከዐረብኛው ኑራ ጋር አንድ የሆነ ቃል ነው። በፍቹ ውስጥ «ነጭ ቀለም» ብቻ ከተባለ ግን ይጎድላል፤ ኖራ ቀለም ከመሆኑ በፊት ማያያዣ ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል የሚገኘውን «ውሃ ያልጠጣ ኖራ»፣ ይህም በውሃ ፈልቶ ሲበርድ የሚሆነውን «ውሃ የጠጣ ኖራ» ብለን እንለያቸዋለን። የመጀመሪያው ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል ስለሆነ ሁለቱን አንድ አድርጎ መተርጎም ለሠራተኛው አደገኛ ነው። የኖራ ቡኮ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ በዝግታ ሲሆን፣ ሲሚንቶ ግን ከውሃው ጋር በሚያደርገው ውሕደት ነው፤ ውሃ ውስጥም ቢሆን ይጠነክራል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ አሳሳች ቃል አለ። እንግሊዝኛ የተለሰነን ወይም የተገነባን ነገር እስኪጠነክር ድረስ መንከባከብን የሚጠራበት ቃል በሽታን መፈወስ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው፤ ይኸው ቃል ስለ ሥጋና ስለ ትምባሆ ሲነገር ደግሞ ማድረቅን ያመለክታል። ተርጓሚ ከመዝገበ ቃላት የመጨረሻውን ፍች ወስዶ «ልስኑ ለሰባት ቀን ይድረቅ» ቢል እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ልስኑ በሁለት ቀን ይነቃል። የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ በጆንያ ወይም በሣር ሸፍኖ በየቀኑ ማርጠብ። ግንበኞቻችን ይህን «ውሃ ማጠጣት» ይሉታል። ከዚህ የተሻለ አቻ ቃል መፈለግ ትርፍ ድካም ነው።

ከጣሊያንኛ የገቡትን ቃላት በዝርዝር ማንሣት አያስፈልገንም፤ ብዙዎቹ ጸንተዋል። ይሁን እንጂ የአገባባቸው መንገድ ልብ የሚባል ነው። «ሊሾ» በምንጩ ልስልስ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ የሲሚንቶ ወለል ሆኗል። «አርማታ» በምንጩ የታጠቀ ወይም የተጠናከረ የሚል ቅጽል ሲሆን እኛ ዘንድ ውሕዱ ራሱ ነው። ቅጽሉ ገብቶ ባለቤቱ ስም ውጭ ቀረ። «ኮርኒስ» ደግሞ ከግድግዳ ራስ ጌጥ ተነሥቶ ጣራን ከውስጥ ወደ ሚሸፍነው ገጽ ተዛውሯል። ስለዚህ ከጣሊያንኛም ሆነ ከሌላ የአውሮፓ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ቃሉ በመልክ ስለመሰለው ብቻ እንዳይቀበለው ይገባል።

የጉዳት ቃላት በአንጻሩ የአማርኛ ሀብት ናቸው። ግድግዳ ይነቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያብጣል፣ ይዘማል፣ ይሰረጉዳል፣ ይቦረቦራል፣ ይላጣል፣ ይናዳል። እያንዳንዱ ግስ ምክንያቱን ይዞ ይመጣል። «ነቃ» የሚባለው በመድረቅ ምክንያት ገጹ ላይ ቀጫጭን መሥመር ሲወጣበት ነው፤ «ተሰነጠቀ» ግን ጉዳቱ ዘልቆ ሲገባ፣ ብዙ ጊዜም መሠረቱ ሲንቀሳቀስ ነው። የመጀመሪያው በቅብ ይድናል፤ ሁለተኛው መሠረቱ ሳይመረመር ቢደፈን ተመልሶ ይከፈታል። ሁለቱንም «ስንጥቅ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም ጠርቷል። በነገራችን ላይ ይህ «ነቃ» ከእንቅልፍ ከመንቃት ጋር በድምፅ አንድ ቢሆንም በግዕዝ የተለየ ነው፤ የተሰነጠቀው ነቅዐ፣ ከእንቅልፍ የተነሣው ነቅሀ ነው። በአማርኛ የጉሮሮ ድምፆች ሲጠፉ ሁለቱ ተደባለቁ። ምንጭን የሚያመለክተው ነቅዕም ከመጀመሪያው ሥር ነው፤ መሬት ተሰንጥቆ ውሃ የሚወጣበት ነውና። በመዝገበ ቃላት ሁለቱ «ነቃ»ዎች በተለያየ ቁጥር እንጂ በአንድ መነሻ ቃል ሥር ሊገቡ አይገባም።

ሁሉን የሚያጠቃልለው «ጥገና» ራሱ ሊጤን የሚገባው ነው። ጠገነ የተሰበረን አጥንት አቃንቶ ማሰርን ያመለክታል፤ የወጌሻ ሥራ ነው። ወጌሻ አጥንቱን አውጥቶ በሌላ አይተካውም። «እድሳት» ግን አዲስ ማድረግ ነው። በውልና በማስታወቂያ ሁለቱ እንደ ተመሳሳይ ሲጻፉ ይታያል፤ በነባር ቤት ላይ ግን አንደኛው ቃል አሮጌውን ልስን እንዲያቆይ፣ ሌላው እንዲያነሣው ለሥራ ተቋራጩ ሥልጣን ይሰጣል። በቅርስ ጉዳይ «ጥገና» ብቻ እንዲሠራበት፣ «እድሳት» ነባሩ ነገር በአዲስ ለሚተካበት ሥራ እንዲቀር እንመክራለን።

በመጨረሻ አንድ የሐረሪ ቃል እናንሣ። በሐረሪዎች ቤት፣ በእነርሱ አጠራር በጌ ጋር፣ ዋናው ክፍል ውስጥ በተለያየ ከፍታ የተሠሩ መቀመጫዎች «ነደባ» ይባላሉ። ይህን «አግዳሚ ወንበር» ብሎ መተርጎም ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራን ነገር ተነሥቶ የሚሄድ ዕቃ ያደርገዋል። አማርኛ «መደብ» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ ከወለልና ከግድግዳ ጋር ተያይዞ በድንጋይና በጭቃ የሚሠራ፣ የሚለሰን፣ ሲቦረቦርም የሚጠገን ነው። ለአጠቃላይ ገለጻ «መደብ» ይበቃል። የቤቱ ሥርዓት፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ የሚነገርበት ጽሑፍ ከሆነ ግን «ነደባ» እንዳለ ተጽፎ በመጀመሪያው ቦታ «ከፍ ያለ መደብ» በሚል ይፈታ።