ከደጃፍ ወዲያ

ስትሮክ የመታቸው አባት ከሆስፒታል ሲመለሱ ቤቱ በሙሉ ለአንድ ነገር ይረባረባል፤ እንዳይደክሙ፣ እንዳይወድቁ። ምግቡ አልጋቸው ድረስ ይመጣል፤ ልብሱንም ሌላ ሰው ያለብሳቸዋል። ደጅ ልውጣ ሲሉ «አባባ፣ አረፍ ይበሉ» ይባላሉ። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሰውነትን ግን ያዳክማል። ሥራ የፈታ ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይመነምናል፣ የልብና የሳንባ አቅም ይቀንሳል፣ አንጎልም የታመመውን ወገን ሳይጠቀም መኖርን ይለምዳል።

ሌላ መንገድ እንዳለ የጃማይካ ተመራማሪዎች በተግባር አሳይተዋል። ካሮን ጎርደንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ስትሮክ ከመታቸው ወራት ያለፋቸውን 128 ሰዎች በሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ የደከመ እጅና እግራቸውን ታሹ። ሌሎቹ በሳምንት 3 ቀን፣ ለ12 ሳምንታት፣ አጃቢ ይዘው በመንገድ ላይ ተራመዱ፤ በ15 ደቂቃ ጀምረው ቀስ በቀስ 30 ደረሱ። መሣሪያ አላስፈለጋቸውም። በስተመጨረሻ በ6 ደቂቃ የሚሄዱት ርቀት ከታሹት በ17.6 በመቶ በለጠ። የታማሚውን ጊዜና ገንዘብ በሙሉ በመታሸት ላይ ለሚያውሉ ቤተሰቦች ይህ ውጤት ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በእንግሊዟ ኖቲንግሃም ደግሞ ፒፕ ሎጋን የመራችው እ.ኤ.አ. የ2004 ጥናት 168 ሰዎችን አሳትፏል። ባለሙያ ቤታቸው እየሄደ አብሯቸው የወጣላቸው ሰዎች በወር ውስጥ ያደረጓቸው ጉዞዎች መካከለኛ ቁጥር 37 ሲሆን፣ መረጃ ብቻ የተሰጣቸው ግን 14 ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ 568 ሰዎችን ያሳተፈ ተመሳሳይ ጥናት በኑሮ ጥራት ላይ ጉልህ ለውጥ ባያገኝም፣ ሰዎቹ ከቤት የሚወጡባቸው ጉዞዎች ጨምረዋል።

ቤተሰብ ግን ባለሙያን አይተካም። በሕንድ 1,250 ታማሚዎችን የያዘውና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት፣ የመልሶ ማገገሚያ ልምምዱን ለሠለጠነ ዘመድ መስጠት ከስድስት ወር በኋላ ከተለመደው ሕክምና የተለየ ውጤት እንዳላመጣ አረጋግጧል። ስለዚህ ሐኪሙ የደም ግፊቱን ይመርምር፣ ፊዚዮቴራፒስቱ አረማመዱን ያስተካክል፤ ልጅ፣ የትዳር አጋር ወይም ጎረቤት ደግሞ በየቀኑ አብሮ ይውጣ። ባለሙያው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው የሚገኘው፤ የቀረው ጊዜ የቤተሰቡ ነው።

አጃቢው የሚቆመው በደከመው ወገን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ነው። የደከመውን ክንድ መጎተት ትከሻውን ከቦታው ሊያላቅቅ ስለሚችል፣ ወገብ ላይ የታሰረ ጠንካራ ቀበቶ መያዝ ይሻላል። ከዘራው በደህናው እጅ ይሁን፤ ጫማው ተረከዝን የሚይዝ እንጂ ነጠላ ጫማ አይሁን። ደረት ላይ ሕመም፣ ድንገተኛ ማዞር ወይም አዲስ ድክመት ከመጣ እዚያው ቆሞ እርዳታ መጥራት ነው።

መድረሻም ያስፈልጋል። «እስከ እትዬ ቤት» ወይም «እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር» የተባለ ሰው፣ ዝም ብለህ ተራመድ ከተባለው ይበልጥ ይበረታል።

ችግሩ መንገዱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ ዋና ዋና የእግረኛ መንገዶች ሰፍተዋል፤ ወደ መንደር ሲገባ ግን የተነሳ ድንጋይና ክፍት ቦይ ይጠብቃል። በሰከንድ 0.8 ሜትር የማይራመድ ሰው ከሰፈሩ ውጭ ለብቻው መንቀሳቀስ ይከብደዋል፤ እንዲህ ላለ ሰው የእግረኛ ማቋረጫ መብራት የሚሰጠው ጊዜ ላይበቃው ይችላል። የቦዩ መክደኛና በየመቶ ሜትሩ የሚቀመጥ አግዳሚ ወንበር የከተማው ሹማምንት ሥራ ነው፤ ቤተሰብ ብቻውን ሊወጣው አይችልም።